የሦስተኛዋ አህያ ጭነት

ዳይሬክተሩ ባዶ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «ሦስት መስመር ይበቃል። ተሳስቻለሁ በዪና ፈርሚበት» አሉኝ።

መቐለ ተመልሼ ማስተማር ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። የሺህ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ ዓመታት ሊያልቁ ተቃርበዋል። አዲስ አበባ ኮሌጅ ጨርሼ በትውልድ ከተማዬ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። የጥልፍ አስተማሪያችን አግብታ ወደ ዓድዋ ከሄደች ወዲህ በመምህራኑ መኻል የቀረሁት ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስብሰባ ላይ አልናገርም። ክፍል ውስጥም ቢሆን ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ማስረዳት ይቀለኝ ነበር።

ስሕተት የተባለው በዚያው ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ስለ አየር ስናጠና፣ እንጨት ሲነድ፣ ከሰል ሲነድ፣ መኪና ሲሄድ የተቃጠለ አየር እንደሚወጣ ለልጆቹ አስረዳሁ። ይህ አየር አይታይም፣ አይሸትም። ነገር ግን እንደ ጋቢ ምድር ላይ ተደርቦ ሙቀቷ ቶሎ እንዳይበርድ ይይዝላታል። እንግዲህ ሰው እሳቱን እያበዛ ሲሄድ ጋቢውም እየወፈረ ይሄድ ይሆን? ኮሌጅ ሳለሁ አንድ መምህራችን ይህን ጥያቄ አንስተው፣ ከሊቃውንቱ ጥቂቶቹ አዎ እንደሚሉ፣ የሚበዙት ግን ባሕሩ ይውጠዋል ብለው እንደሚተዉት ነግረውን ነበር። ስለዚህ የጻፍኩት ተጠንቅቄ ነው፦ «ሰው የሚያነደው እሳት የዓለምን አየር ሊለውጥ ይችላል።» ልጆቹ ገለበጡት። በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ዋና ጸሐፊ የሆኑ አንድ አባት የልጃቸውን ደብተር አነበቡና በማግሥቱ ዳይሬክተሩ ዘንድ መጡ።

«ዝናብ የሚያዘገየው ፈጣሪ ሳይሆን የእናቶቻችሁ ምድጃ ነው ብላለች አሉኝ» አሉ ዳይሬክተሩ።

«እንደዚያ አላልኩም።»

«አለማለትሽን ዐውቃለሁ። የተሰማው ግን እንደዚያ ነው። እኅቴ፣ እኔ ከሰማይ ጋር ጠብ የለኝም። ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ጠብ እንዳይኖረኝ ነው የምፈራው። ፈርሚ፤ ልጆቹም ዐረፍተ ነገሩን ከደብተራቸው ይሰርዙ፤ እዚህ ላይ ያልቃል።»

ወረቀቱን አየሁት። ሦስት መስመር መጻፍ ለእኔ ከባድ አልነበረም፤ ከመናገር ይልቅ መጻፍ ሁልጊዜ ይቀናኛል። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «በዐርቡ ክርክር ይታይልኝ» አልኩ።

በትምህርት ቤታችን በየወሩ የመጨረሻ ዐርብ ከሰዓት በኋላ ክርክር ነበር። ከእሳትና ከውሃ፣ ከብዕርና ከጎራዴ የቱ ይበልጣል እየተባለ ሁለት ሰዎች ይሟገታሉ፤ ወላጆች መጥተው ይሰማሉ፤ በመጨረሻ እጅ ይቆጠራል። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንቺ? ስም ስትጠሪ እንኳ የኋላ ወንበር የማይሰማሽ?»

ወረቀቱን ወደ እሳቸው መልሼ ገፋሁት።

«መልካም። ሁለት ሳምንት አለሽ። ከተሸነፍሽ ግን ሳይንሱን ለሌላ እሰጥና የሴቶቹን ጥልፍ ትይዣለሽ። ወላጆች ፊት የተሸነፈ መምህር በዚያው ትምህርት ሊቀጥል አይችልም።» ከዚያ ወረቀቱን አንሥተው ሰጡኝ። «ይህንንም ያዢው። ከዐርብ በኋላ ትፈልጊዋለሽ።»

ተከራካሪዬ እንዲሆኑ የተመረጡት የአማርኛና የታሪክ መምህሩ ነበሩ። ልጅ ሳለሁ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። አድጌም በመንገድ ሲያገኙኝ «ጓለይ» ነበር የሚሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ነገሩን ሲሰሙ በግቢው መኻል አስቁመውኝ፣ «እንግዲህ ሀሁ ያስተማርኩሽን ልትመልሽልኝ ነው» ብለው ሳቁ። ቂም አልነበረባቸውም። ይህ ደግሞ ይብስ አስፈራኝ፤ ቂም የሌለበትን ሰው መቃወም ያስቸግራል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ መሰቦ ተራራ ግርጌ ወረድኩ። በዚያ የኖራ ድንጋይ የሚቃጠልበት እቶን አለ። በዚያን ጊዜ ከተማው በድንጋይና በኖራ ቤት ይሠራ ስለነበር እቶኑ አንድም ቀን አይጠፋም። ባለቤቱ ከወሎ የመጡ እስላም ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ቅንድባቸው ድረስ ነጭ አቧራ ለብሰዋል። አማርኛቸው ከእኛ ከመምህራኑ አማርኛ ይልቅ ይጣፍጥ ነበር።

«ምን ልስጥሽ ልጄ? ለቤት ነው ለመቃብር?» አሉኝ።

«ለክርክር ነው።»

«እሱን እንኳ አቃጥዬ አላውቅም።»

ሳቅሁና ድፍረት አገኘሁ። «ምን ያህል ድንጋይ ገብቶ ምን ያህል ኖራ ይወጣልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በአህያ ልንገርሽ። የሦስት አህያ ጭነት ድንጋይ እከታለሁ። የሁለት አህያ ጭነት ኖራ ሞልቶልኝ አያውቅም።»

«ሦስተኛዋስ? የእሷ ጭነት የት ገባ?»

አገጫቸውን ወደ ላይ አነሡ። «ወደዚያ ነዋ። አባቴ የድንጋዩ ነፍስ ናት ይል ነበር። ነፍስ ትሁን ሌላ እኔ አላውቅም። ነፋስ በሌለ ቀን ግን እቶኑ አጠገብ አትተኚ። አንድ ባልንጀራዬ ብርድ ብሎት ጠርዙ ላይ ተኛ፤ በዚያው ቀረ። እሳት አልነካው፣ ጭስ አልነካው።»

ስለ እንጨቱ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ከዚያው ከሸለቆው ይቆርጡ እንደነበር፣ አሁን ግን እንጨት ጫኞቹ መንገድ አድረው እንደሚመጡ ነገሩኝ። በጣሳ ኖራ ሞሉልኝ። ዐርብ መጥተው እንዲሰሙ ብለምናቸው፣ «እኔ በተማሪ ቤት ምን ሥራ አለኝ» ብለው ወደ እሳታቸው ዞሩ።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ኖራ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠል ከላይ ኩልል ያለ ውሃ ይቀራል። በዚያ ውሃ ውስጥ ሰው በአገዳ ትንፋሹን ቢነፋበት ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፤ የተቃጠለ አየር መኖሩን ዐይን የሚያየው በዚህ ነው። ኮሌጅ እያለን ውሃውን ክዳን ባለው ጠርሙስ ነበር የምናኖረው። እኔ ጠርሙስ ስላልነበረኝ በእናቴ ሰፊ ሳፋ አዘጋጀሁትና አቧራ እንዳይገባበት ነጠላ አለበስኩት።

በማግሥቱ ጧት ውሃው ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ተጋግሮ አገኘሁ፤ ልክ የወተት ስልባቦት ይመስላል። የመቐለ ነፋስ ያመጣው አቧራ መሰለኝ። በማንኪያ ቀስ አድርጌ ገፈፍኩት። በሦስተኛውም ቀን፣ በአራተኛውም ተመልሶ መጣ፤ ሁልጊዜ ገፈፍኩት። ምንም ነገር መጣል ስለማልወድ የገፈፍኩትን ዳይሬክተሩ በሰጡኝ ወረቀት ላይ አድርጌ አጥፌ አስቀምጥ ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኝና፣ «ጓለይ፣ ከውሃ ቅቤ ልታወጪ ነው?» ትለኛለች። በሁለተኛው ሳምንት ሽፋኑ እየሳሳ ሄዶ ጨርሶ ቀረ። አሁን ንጹሕ ሆነልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ዐርብ ትልቁ ክፍል ሞላ። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዳይሬክተሩ ከጎናቸው። ተማሪዎቹ በግድግዳው ዙሪያ ቆመዋል። የኔን ሳፋ ጠረጴዛ ላይ ሲያዩ ሰው ሁሉ ልብስ ላጥብ የመጣሁ ይመስል ፈገግ አለ። በመስኮቱ በኩል፣ ከውጭ፣ ሁለት ነጭ ቅንድቦች አየሁ። ሽማግሌው መጥተዋል፤ መግባቱን ግን አልፈለጉም።

መጀመሪያ የተናገሩት መምህሬ ናቸው። ያለ ወረቀት ነበር የሚናገሩት።

«አባቶቻችን አንድ ነገር ብለዋል፤ ሰማይ አይታረስ። የቀረውን እናንተ ታውቁታላችሁ።» ጉባኤው ሳቀ። «ሰው እሳት ማንደድ የጀመረው ዛሬ አይደለም። አክሱም ስትሠራ እሳት ነበረ፤ ላሊበላ ሲፈለፈል እሳት ነበረ። ያ ሁሉ ጭስ ወጣ፤ ሰማዩ ግን ይኸው ሰማያዊ ነው። እኔ ልጄን አልወቅስም፤ ምሁር ናት። ነገር ግን ጉንዳን ዝሆን ላይ ወጥታ ‹ይቅርታ፣ ከበድኩህ?› ብትለው ዝሆኑ ምን ይላታል? መውጣትሽንም አላወቅሁ። የሰው ሥራ በዓለም አየር ላይ እንዲያው ነው። ሰው ራሱን ባያገዝፍ መልካም ነው።»

በደንብ አጨበጨቡላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ተራዬ ባይሆን እኔም አጨበጭብ ነበር።

ተነሣሁ። የጻፍኩትን አነበብኩ፤ ድምፄ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ይወድቅ ነበር። «አይሰማም» አለ አንድ ሰው። ስለዚህ ንባቡን ትቼ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬን ጠራሁና የስንዴ አገዳ ሰጠኋት። «አሁን ትንፋሿን ስትነፋ ውሃው ይነጣል» አልኩ። ልጅቷ ነፋች። ውሃው ፈላ፣ ተንቦጫረቀ፤ አልነጣም። ጨምሪ አልኳት። ጉንጮቿ እስኪቀሉ ነፋች። ውሃው የምንጭ ውሃ ይመስል ኩልል ብሎ ቀረ።

ጸሐፊው ወደ ዳይሬክተሩ ዘንበል ብለው፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣ «ጾም ላይ ስለሆነች ትንፋሿ ንጹሕ ይሆናል» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ልጅቷ አገዳውን እንደያዘች እኔን አየችኝ። ከሳፋው ሌላ የማየው ነገር አልነበረም።

«ልጄ» አለ አንድ ድምፅ ከመስኮቱ። «ውሃውን መቼ ነው ያዘጋጀሽው?»

ሰው ሁሉ ዞረ። «ሁለት ሳምንት ሆነው» አልኩ።

«ክዳን ነበረው?»

«ነጠላ።»

«ነጠላ ነፋስ ይከለክላል እንዴ? ነጭ ሽፋን አልወጣውም?»

«በየጧቱ።»

«ምን አደረግሽው?»

«ገፈፍኩት።»

ሽማግሌው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «እንግዲህ የገፈፍሽው ኖራውን ነው። አሁን እዚያ ያለው የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ጠጪው።»

ይህኛው ሳቅ ከፊተኛው ይብስ ነበር። እኔ ግን አልሰማሁትም፤ ምን እንዳደረግሁ ገብቶኝ ነበርና። አራት ዓመት ሙሉ የተማርኩትን በእናቴ ማንኪያ በየጧቱ ስገፍ ኖሬያለሁ። ከቦርሳዬ ወረቀቱን አወጣሁ።

«አልጣልኩትም» አልኩ። «ሁሉም እዚህ አለ። ይግቡና ይዩልኝ።»

ሽማግሌው ጥቂት አመንትተው በበሩ ገቡ። ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አወለቁ፤ ማንም አውልቁ አላላቸውም። ከወረቀቱ ላይ ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ አኖሩ፤ ኖራ አቃጣዮች ኖራቸውን የሚፈትኑት በዚህ ነው።

«ኖራ ምላስ ያቃጥላል» አሉ። «ይህ አያቃጥልም። ሞቷል። ተመልሶ ድንጋይ ሆኗል።»

«ምን አግኝቶ ነው የተመለሰ?» አልኳቸው። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ የኋላው ወንበር ቀና ሲል አየሁ።

«ነፋስ ጠጥቶ ነዋ። እኛስ ኖራችንን ጉድጓድ ከትተን በአሸዋ የምንከድነው ለምን መሰለሽ? ክፍት ያደረ ኖራ ከነፋሱ የፊተኛ ነፍሱን ይጠጣና ድንጋይ ይሆናል።»

ወደ ጉባኤው ዞርኩ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን በወረቀት አልጻፍኩትም ነበር፤ እንደማስታውሰው ነው የማሰፍረው።

«እኚህ አባት የሦስት አህያ ጭነት ድንጋይ አቃጥለው የሁለት አህያ ጭነት ኖራ አይሞላላቸውም። የሦስተኛዋ ጭነት ወደ አየር ይሄዳል። የማይታይ ስለሆነ የጠፋ ይመስለናል። አልጠፋም። እንዲህ ያለው አየር እናቴ ቤት ውስጥ ነበር፤ ነጠላ አልፎ፣ ሳፋዬ ውስጥ ገብቶ፣ ይህን ድንጋይ ሠራ። ሙከራዬ ከሸፈ ብላችሁ ሳቃችሁ። አልከሸፈም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲሠራ ነበር፤ ያላየሁት እኔ ነኝ። ስሕተቴ ይህ ነው፤ ይህን ስሕተት ማንም ፊት እቀበላለሁ። ሰማይ አይታረስ የተባለው በሬ ስለማይደርስ ነው። እሳታችን ግን ይደርሳል።»

ጸሐፊው ብድግ አሉ። «እንግዲህ ዘንድሮ ዝናቡ የዘገየው በዚህ ሰውዬ እቶን ነው በይን። ነገ ሄደን እናፍርሰዋ።»

ወደ በሩ ተመልሰው የነበሩት ሽማግሌ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ከመጣሁ ገና ስድስት ዓመቴ ነው» አሉ። «ከእኔ በፊት ዝናቡ በየዓመቱ በቀጠሮው ይመጣ ነበር?» አንዳንዶች ሳቁ፤ አሁን የተሳቀው በእኔ አልነበረም።

«ስለ ዝናብ አልተናገርኩም፤ አላውቅምም» አልኩ። «የእሳቸው እቶን አንድ ነው። በቤታችሁ ያለው ኖራም ከእሳቸው እቶን የወጣ ነው። ሰው ስል ሁላችንንም፣ ከባሕር ማዶ ፋብሪካ ያላቸውንም ሁሉ ነው። ጥፋቱን አንድ ሽማግሌ ላይ የምንጭነው ከሆነ ክርክሩ ከመጀመሪያውም የለም።»

መምህሬ እጃቸውን አነሡ። መሳቃቸውን ትተው ነበር። «ጓለይ፣ ይህ ጥሩ ነው፤ ዐይኔ አይቷል። ግን አንድ ሳፋ ውሃ ዓለም አይደለም።»

«አይደለም» አልኩ። «ዓለምን አልለካሁም። እርስዎም አልለኩም። ሊሆን ይችላል ብዬ ጻፍኩ፤ ያልኩት ይህን ብቻ ነው። አይሆንም የሚለኝ ሰው ለክቶ ይምጣ፤ ያን ቀን በገዛ እጄ እሰርዘዋለሁ። ሳይለካ ግን አልሰርዝም።»

ተቀመጥኩ።

እጅ ሲቆጠር ተሸነፍኩ። መቁጠር እንኳ አላስፈለገም። ከስምንተኛ ክፍል ልጆች ጥቂቶቹ ለእኔ እጃቸውን አወጡ፤ የጸሐፊው ልጅ እጁን እስከ ትከሻው አንሥቶ አባቱን አየና ጆሮውን አከከ። ሰው ሲበተን መምህሬ አጠገቤ መጥተው፣ «በሬ አይደርስም ያልሽው ጥሩ ነበር፤ እኔ ብሆን ከእሱ እጀምር ነበር» ብለውኝ አለፉ።

ሰኞ ዳይሬክተሩ ጠሩኝ። «እንግዲህ ቃል ቃል ነው» አሉ፤ ደስ ብሏቸው አልነበረም። «ከዛሬ ጀምሮ ጥልፍ ትይዣለሽ። ልጆቹም ዐረፍተ ነገሩን እንዲሰርዙ ዛሬ ንገሪያቸው። ወረቀቱስ?»

የታጠፈውን ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት። ሲከፍቱት ነጩ ፍርፋሪ በእጅጌአቸውና በመዝገቡ ላይ ፈሰሰ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ከአየር የወጣ ድንጋይ ነው። ሌላ የምጽፍበት ነገር የለኝም። ጥልፉን እይዛለሁ፤ እጅ ተቆጥሯል፣ ተሸንፌያለሁ። መሸነፌ ግን ተሳስቻለሁ ማለት አይደለም። ሰርዙ የሚለውንም እርስዎ ይንገሯቸው፤ ከእኔ አይሰሙትም።»

እጅጌአቸውን አራገፉ። ነጩ አቧራ ግን ጥቁር ኮታቸው ላይ ይበልጥ ተዳረሰ። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሉ ሄደው ይንገሯቸው አይንገሯቸው አላውቅም። ከጊዜ በኋላ ከልጆቹ አንዱ ያሳየኝ ደብተር ላይ ግን ዐረፍተ ነገሩ እንዳለ ነበር።

በዚያው ሳምንት የወሎው ሽማግሌ ወደ ገበያ ሲያልፉ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንድ የቅቤ ቅል ሰጥተውልኝ ሄዱ። አፉ በሰም ታሽጓል። «ትኩስ ኖራ ነው፤ እስክትፈልገው እንዳትከፍተው። በማንኪያም እንዳትነካው በልልኝ» ብለው ነበር። ቅሉን የጥልፍ ክፍሉ መስኮት ላይ አኖርኩት። ሴቶቹ ልጆች በመርፌና በክር መኻል ቀና እያሉ ያዩታል። ምንነቱን ይጠይቁኛል። ሁለት ሳምንት ያህል የመስቀል ስፌትና የነጠላ ጥለት አስተማርኳቸው፤ በደንብ ነው ያስተማርኳቸው፣ ሥራ ማበላሸት አልወድም።

በሦስተኛው ሳምንት ሰሙን ፈታሁ። ኖራውን ጧት በጥብጬ፣ አጥልዬ፣ ኩልል ያለውን ውሃ በብርጭቆ ቀዳሁ። ክርክሩ ላይ አገዳ የያዘችው ልጅ ጥልፍ ክፍል ነበረች። የስንዴ አገዳ ሰጠኋት። መርፌዎቹ ሁሉ ቆሙ።

ጥቂት ነፋች። ብርጭቆው ውስጥ መጀመሪያ ጉም የመሰለ ነገር ተንሳፈፈ፤ ከዚያ ውሃው ነጣ፣ ወተት መሰለ።

«ይህ ከእኔ ነው የወጣው?» አለችኝ።

«ከአንቺ ነው።»

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ዳይሬክተሩ ነበሩ። ብርጭቆውን አዩ፣ ልጆቹን አዩ፣ እኔን አዩ። «ይህ የጥልፍ ክፍል ነው» አሉ።

«ዐውቃለሁ» አልኩ።

ልጅቷ ደንግጣ አገዳውን ከአፏ አወጣች። ዐይኗን ከእሳቸው ወደ እኔ መለሰች። እንደ ወትሮዬ ወደ ሰሌዳው ልዞር ምንም አልቀረኝም ነበር፤ አልዞርኩም።

«አታቁሚ፤ ንፊ» አልኳት።